በአዲስ አበባ የፈረስን ፀጉር ስለመሸለት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በመሀል አዲስ አበባ ለግልቢያም ሆነ ለውድድር ፈረስ የሚያኖሩ ሰዎች የኅዳር ብርድ በገባ ቁጥር የሚያነሷቸው ናቸው። ስለ ፈረስ ፀጉር አሸላለት የሚነገረው ምክር አብዛኛው ከሰሜን አውሮፓ የመጣ በመሆኑ፣ ለከተማችን የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይቶ ማስቀመጥ አስፈላጊ ሆኗል።

አዲስ አበባ ውስጥ ፈረስ መሸለት በእርግጥ ያስፈልጋል?

አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን በእርጋታ የሚጋለብ፣ ከሰላሌ ወይም ከባሌ ደጋ የመጣ ያገር ፈረስ የተፈጥሮ ፀጉሩ ይበቃዋል፤ ሌሊት ያሞቀዋል፣ ዝናቡን ከቆዳው ያርቅለታል፣ ከዝንብም በመጠኑ ይከልለዋል። መሸለት ትርጉም የሚኖረው ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ያለው ፈረስ ብርቱ ሥራ የሚሠራ ሲሆን ነው። ፈረስ ሰውነቱን በዋናነት የሚያቀዘቅዘው በላብ ሲሆን፣ ላቡ ከቆዳው ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ረጅም ፀጉር ግን ላቡን አምቆ ስለሚይዘው፣ ፈረሱ በልምምድ ላይ እያለ ከሚገባው በላይ ይግላል፤ ልምምዱ ካበቃ በኋላም እንደረጠበ ይቆማል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በላብ ተነክሮ ጋጣ የገባ ፈረስ ሳይደርቅ ሊመሽበት ይችላል፤ የረጠበ ፀጉር ደግሞ ሙቀት መያዝ አይችልም።

ለመወሰን የሚረዳው ፈተና ቀላል ነው። ፈረሱ የተለመደ ሥራውን ከሠራ በኋላ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ በእርምጃ ያንቀሳቅሱት፤ ከዚያም ጥላ ሥር አስረው አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። አሁን ጣቶችዎን ከክርኑ ኋላ፣ ከኮርቻው መቀነቻ ሥር ባለው ቦታ፣ ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ወደ ውስጥ ያስገቡ። ብዙ ጊዜ የፀጉሩ ጫፍ ደርቆ ያብለጨልጫል፣ ሥሩ ግን ርጥብና ሙቅ ሆኖ ይገኛል። ይህ በተደጋጋሚ የሚታይ ከሆነ ፈረሱ ቢያንስ በከፊል ሊሸለት ይገባዋል። ሥሩም ደርቆ ከተገኘ ማሽኑን አያውጡ።

ፀጉሩን የሚያሳድገው ብርዱ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ብርድ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ምክንያት የቀኑ ብርሃን ርዝመት ነው። የፈረስ አንጎል ብርሃን እያጠረ መምጣቱን በዓይን በኩል ይረዳና ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ረዘም ላለ ሰዓት ያመነጫል፤ ከዚያ በኋላ ፕሮላክቲን የተባለው ሌላው ሆርሞን ሲቀንስ ረጅሙ ፀጉር ይበቅላል፣ ቀኑ ሲረዝም ደግሞ ይረግፋል። በእንግሊዝ ወይም በጀርመን የበጋውና የክረምቱ ቀን ርዝመት በብዙ ሰዓት ስለሚለያይ እዚያ ያለ ፈረስ እንደ በግ ጠጉራም ይሆናል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከዓመቱ ረጅሙ ቀን አጭሩን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የእኛ ፈረሶች ፀጉር በኅዳርና በታኅሣሥ ጠንከር ቢልም ያን ያህል የማይረዝመው በዚህ ምክንያት ነው። በታኅሣሥ ወይም በጥር ከአውሮፓ ተጭኖ የሚመጣ ፈረስ ግን ሙሉ የብርድ ፀጉሩን ለብሶ ይወርድና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ሲቆም ገና ምንም ሳይሠራ ያልበዋል። በከተማችን ያለ ክርክር መሸለት የሚገባው እንዲህ ያለው ፈረስ ነው።

የትኛው ወር ይመረጣል?

በአውሮፓ የተለመደው ከጥቅምት ጀምሮ በየጥቂት ሳምንታት እየሸለቱ የጥር ወር ከማለቁ በፊት ማቆም ነው፤ ይህም አዲሱ የበጋ ፀጉር መብቀል ሲጀምር ጫፉ አብሮ እንዳይቆረጥ ለመጠንቀቅ ነው። እዚህ ግን ያንን የጊዜ ሰሌዳ መከተል አያስፈልግም። ፀጉሩ በቅሎ ሙሉ በሙሉ እስኪጨርስ ይጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ይህ ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ይሆናል። ቀድመው ከሸለቱት በሦስት ሳምንት ውስጥ መልሶ ይበቅልና ሥራው ድጋሚ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ መሸለትን አልመክርም፤ ቀኑን ሙሉ ዝናብና ጭቃ በሆነበት ወቅት የፈረሱን ጃንጥላ መንጠቅ ነውና። የቆዳ ቅርፊት የሚያመጣው ደርማቶፊለስ የተባለው ባክቴሪያ የሚበረታውም ቆዳ ሳይደርቅ በሚከርምበት በዚያው ወቅት ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። ፈረሱ አይበርደውም፣ ብርሃኑም ስህተትን አይደብቅም።

ፈረሱን ሙሉ በሙሉ መሸለት ነው ወይስ በከፊል?

ጥያቄው መመለስ ያለበት ፈረሱ የት እንደሚያልበው በማየት ነው። ከልምምድ በኋላ ላቡ በአረፋ መልክ የሚታየው በአንገቱ ሥር፣ በደረቱ፣ በብብቱና በሆዱ ላይ ነው። ስለዚህ በጣም ቀላሉ አሸላለት ከጉሮሮው ጀምሮ የአንገቱን ታችኛ ክፍልና ደረቱን፣ ቢፈለግም እስከ ሆዱ ድረስ ማንሳት ነው። ጀርባው፣ ወገቡና ታፋው ሳይነኩ ስለሚቀሩ ፈረሱ ሌሊት ብዙም ሙቀት አያጣም። እንደ እኔ ግምት በአዲስ አበባ ከሚሸለቱት ፈረሶች ለአብዛኞቹ ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልግም።

ሥራው ጠንከር ያለ ከሆነ ከትከሻው ጀምሮ በጎኑ መካከል እስከ ታፋው ድረስ መስመር ተበጅቶ ከመስመሩ በታች ያለው ይሸለታል። ይህ አሠራር የተወረሰው ከሠረገላ ጎታች ፈረሶች ሲሆን፣ መስመሩም የሚከተለው ፈረሱን ከሠረገላው ጋር የሚያያይዘውን ጠፍር ነው። ከዚያ ከፍ ያለው ደረጃ አንገቱን በሙሉ ሸልቶ ጀርባውን ብርድ ልብስ እንደለበሰ ያህል መተው ነው። ሌላው ደግሞ እግሮቹንና የኮርቻውን ቦታ ብቻ አስቀርቶ የቀረውን ማንሳት ሲሆን፣ በየቀኑ ብርቱ ልምምድ ለሚያደርጉ የውድድርና የዝላይ ፈረሶች የሚሆን ነው። በዚህኛው የኮርቻውን ቦታ መተው ለውበት አይደለም፤ አጭርና ሹል የሆነ ፀጉር ከግላሱ (ከኮርቻው በታች ከሚነጠፈው ጨርቅ) ሥር እየተሻሸ ቆዳውን ያቆስልና ገጣባ ያመጣል። የእግሩ ፀጉርም ከጭቃ፣ ከእሾህና ከጭረት ስለሚጠብቀው ይተዋል። ፀጉሩን ከራስ እስከ እግር መሸለት በዚህ ከተማ የሚያስፈልገው ለቆዳ ሕክምና ሲታዘዝ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም።

የፀጉር ቤት ቶንዶስ ለፈረስ ይሆናል?

ለፊት ዙሪያና ለሰኮናው በላይ ላለው ትንሽ ፀጉር ይሆናል፤ እንዲያውም ድምፁ ዝቅተኛ ስለሆነ ይመረጣል። ለገላው ግን አይሆንም። የሰው ፀጉር መቁረጫ ሞተር ለጥቂት ደቂቃ ሥራ የተሠራ በመሆኑ የፈረስ ጎን ላይ ሳይደርስ ይግላል፣ ጥርሱም በአቧራና በቅባት ይደፈናል። ለገላ የሚያገለግለው ለፈረስ ወይም ለከብት ተብሎ የተሠራ ትልቅ ማሽን ነው። የበግ መሸለቻ ማሽን መልኩ ቢመሳሰልም የጥርሱ ማበጠሪያ ሰፊና ሹል ስለሆነ የፈረስን ቀጭን ቆዳ በቀላሉ ይቀዳል። የፈረስ መሸለቻ ማሽን ጥርስ የሚያስቀረው የፀጉር ርዝመት እንደ ዓይነቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ለከተማችን ረዘም አድርጎ የሚያስቀረው ይሻላል።

ጥርሱ ሳይደርቅ በየአምስትና አሥር ደቂቃው ዘይት ይፈልጋል። ከማሽኑ ጋር የመጣው ካለቀ ቀጭኑ የስፌት መኪና ዘይት ይተካዋል። የምግብ ዘይት ይላቆጣል፣ የሞተር ዘይት ደግሞ ቆዳ ያስቆጣል። በሥራ መካከል ጥርሱን በእጅዎ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ ያስነኩት፤ ለእርስዎ የሚያቃጥል ከሆነ ፈረሱንም ስለሚያቃጥለው አጥፍተው ያቀዝቅዙት። ብዙ ፈረሶች ማሽን ጠሉ የሚባሉት በድምፁ ሳይሆን በጋለ ወይም በደነዘዘ ጥርስ ተጎድተው ነው።

መብራት በሥራ መካከል ሲጠፋ ግማሽ ጎኑ የተሸለተ ፈረስ ይዞ መቆም በከተማችን እንግዳ ነገር አይደለምና፣ አቅም ካለ በባትሪ የሚሠራውን መግዛት ይመረጣል።

አሸላለቱ ራሱ እንዴት ይከናወናል?

ፈረሱ በቀደመው ቀን በሻምፖ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። ቆሻሻ ፀጉር ጥርስን በአንድ ቀን ያደነዝዛል፤ ርጥብ ፀጉር ደግሞ ከማሽኑ ሥር እየተኛ ያመልጣል። ጋማው በላስቲክ ይያዝ፣ ጭራውም ይጠቅለል። ከዚያ በኋላ መስመሩን በጠመኔ በሁለቱም ጎን ይሥሩ፤ ወደ ኋላ ራቅ ብለው፣ ፈረሱም በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውን ያረጋግጡ። የኮርቻውን ቦታ ለማስቀረት የሚፈልግ ሰው ግላሱን ጀርባው ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በጠመኔ ቢያሰምር ይቀለዋል፤ ነገር ግን ግላሱ ወደ ፊት ከተንሸራተተ ትከሻው ላይ አስቀያሚ ቅርጽ ይቀራል።

የሚጀመረው ከትከሻው ነው፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ከመሆኑም በላይ ፈረሱ ብዙ አይሰማውም። ማሽኑ ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ረጅምና ያልተቆራረጠ ሆኖ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ጉዞ የቀደመውን በጥቂቱ ይደርባል። መጫን አያስፈልግም፣ የማሽኑ ክብደት ራሱ ይበቃል። አስቸጋሪው ቦታ ከክርኑ ኋላ ያለው የቆዳ እጥፋት ነው። እዚያ ረዳቱ የፊት እግሩን ወደ ፊት ስቦ ይይዛል፣ ሸላቹ ደግሞ በግራ መዳፉ ቆዳውን ወጥሮ እጥፋቱ እስኪዘረጋ ድረስ ይጠብቃል። ያልተወጠረ እጥፋት በጥርሱ መካከል ገብቶ ይቆረጣል። በሽንጡ ላይ ፀጉሩ እንደ አዙሪት ስለሚዞር ማሽኑም እየተከተለ አቅጣጫውን መቀየር አለበት፤ ሆዱ ላይ ግን ነጻው እጅዎ ሁልጊዜ በጎኑ ላይ ያረፈ ይሁን፤ ጡንቻው ሊራገጥ ሲሰበሰብ ከዓይን ቀድሞ የሚያውቀው እጅ ነውና።

ረዳቱ ከሸላቹ ጋር በአንድ ወገን ይቁም፣ ገመዱንም በእጁ ላይ አይጠቅልል። ወለሉ ደረቅ ይሁን፤ የኤሌክትሪክ ገመዱም በፈረሱ እግር ሥር አይለፍ።

ፈረሴ ማሽኑን ሲሰማ ይሸሻል፤ ማደንዘዣ ልስጠው?

በራስዎ አይስጡ። በመጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ማሽኑን በሩቅ እያስነሱ ገብስ ይመግቡት፤ ሲለምድ ይቅረቡ፤ ቀጥሎም የጠፋውን ማሽን ትከሻው ላይ ያሳርፉ፤ በመጨረሻም የእጅዎን ጀርባ በገላውና በሚንቀጠቀጠው ማሽን መካከል አድርገው ንዝረቱን ያስለምዱት። በዚህም የማይረጋ ፈረስ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይታይ። ማረጋጊያ መድኃኒት የወሰደ ፈረስ አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋ ቢመስልም በድንገት ሊራገጥ ይችላል። አሲፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ደግሞ በኮርማ ፈረስ ላይ የብልት መውደቅን ሊያስከትል ስለሚችል ምርጫው የሐኪሙ ብቻ መሆን አለበት።

የጆሮው ውስጥና የአፍንጫው ረጃጅም ፀጉሮች ይነሡ?

አይነሡ። የጆሮው ፀጉር ዝንብና መዥገር እንዳይገባ ይከላከላል። በከንፈሩና በዓይኑ ዙሪያ ያሉት ጠንካራ ፀጉሮች ደግሞ ፈረሱ አፍንጫው ሥር ያለውንና ማየት የማይችለውን ነገር የሚዳስስባቸው ናቸው፤ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም እነዚህ ፀጉሮቹ የተቆረጡበት ፈረስ እንዳይወዳደር እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከልክሏል።

ማሽን ከጎረቤት መዋስ ችግር አለው?

አለው፤ ከሚገመተውም በላይ። ጭርት የሚባለው የፈንገስ በሽታ በማሽን ጥርስ ከፈረስ ወደ ፈረስ፣ ከዚያም ወደ ሰው ይሻገራል። ቅማልና እከክም በዚሁ መንገድ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይተላለፋሉ። ከሁሉ የከፋው በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ላይ በስፋት የሚታየው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ሲሆን፣ በቆዳው ሥር እንደ ገመድ ተሰልፈው በሚወጡና በሚፈነዱ እባጮች ይታወቃል። መንስኤው ፈንገስ በጭረትና በቁስል በኩል ስለሚገባ፣ ቆዳን በትንሹም ቢሆን የሚጭር የጋራ ዕቃ ለዚህ በሽታ በር ይከፍታል። የተዋሱት ጥርስ በብሩሽ ተጠርጎ፣ ለዚሁ በተዘጋጀ ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ ተነክሮና ደርቆ ዘይት ካልተቀባ ፈረስዎ ላይ አይረፍ። ይበልጥ የሚሻለው ማሽኑን ተውሶ የራስን ጥርስ መግጠም ነው። እባጭ ወይም ክብ ቅርፊት የሚታይበትን ፈረስ ግን ሐኪም ሳያየው ማንም እንዲሸልተው አይፍቀዱ።

ከተሸለተ በኋላ ምን ይልበስ?

አንገቱና ደረቱ ብቻ የተሸለተ ጤነኛ ፈረስ ነፋስ የማይገባበት ጋጣ ካለው ምንም ላያስፈልገው ይችላል። ከዚያ በላይ የተሸለተው ግን በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች ቴርሞሜትሩ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ልብስ ይፈልጋል። ለፈረስ የተሠራ ቀለል ያለ ልብስ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ የሱፍ ባና ከደረቱና ከሆዱ ሥር በሰፊ ጠፍር ታስሮ ያገለግላል። ገመድ ጀርባውን ስለሚቆርጥ አይሆንም። ጥጥ ውኃ ይዞ ስለሚቆይ አሮጌ ጋቢ ላብ ለማድረቅ እንጂ ለማሳደር አይጠቅምም። ደጅ ለሚያድር ፈረስ ደግሞ ከላይ ውኃ የማያስገባ ነገር የግድ ነው።

የእኛ ከተማ ልዩ ችግር ያለው ግን በሌሊቱ ብርድ ሳይሆን በረፋዱ ሙቀት ነው። ንጋት ላይ የሚያስፈልገው ልብስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ፈረሱን ያልበዋል፤ ጠባቂው እስኪመጣ ድረስ እስከ እኩለ ቀን ተሸፍኖ የሚቆም ፈረስ ጨርሶ ባይሸለት ይሻለው ነበር። ስለዚህ ልብሱን በየማለዳው የሚያወልቅ፣ በየማታው የሚያለብስ አስተማማኝ ሰው ከሌለዎት ፈረስዎን ከአንገትና ከደረት አልፈው አይሸልቱ። ላብ የያዘው ፈረስ ሲገባ ደረቅ ገለባ በጀርባው ላይ በስሱ በትኖ ከላዩ ጆንያ ማልበስ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ገለባው በጀርባውና በጆንያው መካከል አየር ስለሚያሳልፍ እርጥበቱ ይወጣል፣ ፈረሱም አይበርደውም።

ከልብስ ይልቅ የሚረሳው ምግብ ነው። ድርቆሽ በፈረስ አንጀት ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ስለሚፈጥር የማታው ድርሻ ከፍ ይበል፤ በቀን የሰውነቱን ክብደት ከመቶ 1.5 እስከ 2 ያህል ሳርና ድርቆሽ ለማንኛውም ፈረስ መነሻ ሲሆን፣ የተሸለተው ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ፉርሽካ መጨመር ይህንን አይተካም።

ፈረሱ ነጭ ግንባር ወይም ከሥሩ ቀላ ያለ ቆዳ ያለው ነጭ ምልክት ካለው፣ ያ ቦታ አይሸለት። በዚህ ከፍታ የቀትር ፀሐይ በቀላሉ ያቃጥለዋል።

ለጥምቀት ወይም ለዓድዋ በዓል እንዲያምር ብቻ ልሸልተው?

ጃን ሜዳ ወይም ምኒልክ አደባባይ ላይ ፈረስን አምሮ የሚያሳየው ጥሩ ብሩሽ፣ የተበጠረ ጋማና የተወለወለ ዕቃ ነው። ጥር 11 ቀን ለግማሽ ቀን እንዲታይ ተብሎ የተሸለተ ፈረስ የቀሩትን የጥር ሌሊቶች በብርድ ያሳልፋል። በዚያ ላይ አዲስ የተሸለተ ፈረስ የማሽኑ መሄጃ ጥቂት ቀን ስለሚታይበት፣ ብዙ ጊዜ ለበዓሉ የሚደርሰው ተዥጎርጉሮ ነው።

ዳማ ፈረሴ ከተሸለተ በኋላ አመዳም ሆነ፤ ታሞ ይሆን?

አልታመመም። የፀጉሩ ቀለም ወደ ጫፉ የሚደምቅ በመሆኑ ሥሩ ሲገለጥ ደብዛዛ ይመስላል። አዲሱ ፀጉር ሲበቅል መልኩ ይመለሳል።

አሮጌው ፈረሴ ፀጉሩ ረዝሞ ተጠቅልሎ አልረግፍ አለ፤ ልሸልተው?

ይህን ፈረስ ከመሸለትዎ በፊት ሐኪም ይጥሩ። ቀኑ ብዙም በማይለዋወጥበት ከተማ ረጅምና ተጠቅላይ ፀጉር መታየቱ ራሱ ያጠራጥራል። ዕድሜው ከ15 ዓመት ባለፈ ፈረስ ላይ ይህ ዓይነቱ ፀጉር ብዙ ጊዜ በአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢ መታወክ ምልክት ነው። ብዙ መጠጣትና መሽናት፣ የጀርባ ጡንቻ መሟሸሽ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰኮናን የሚያቃጥልና የሚያሽመደምድ ሕመም አብረውት ይመጣሉ። በሽታው ፔርጎላይድ በተባለ መድኃኒት ሊገታ ይችላል፤ መሸለት ግን ፈረሱን ከማሳረፍ ያለፈ ፈውስ አይሰጥም። ሐኪሙ ከፈቀደ በማንኛውም ወር ይሸለት፤ ሙቀቱን በራሱ ማስተካከል የተሳነው በመሆኑ በተሸለተበት ሌሊት ልብስ ሳይለብስ አይደር።

ጨርሶ መሸለት የሌለባቸው የትኞቹ ናቸው?

ውርንጭላ፣ የከሳ ፈረስ፣ ከሕመም በማገገም ላይ ያለ፣ እንዲሁም ደጅ ያለ መጠለያ የሚያድር ማንኛውም ፈረስ አይሸለት። ያረገዘች ባዝራም በሐኪም ካልታዘዘ በስተቀር ብትተው ይሻላል።